ለተጎዳ ጉልበት የትኛው ማሰሪያ? ከድሬዳዋ ተነስቶ ጅቡቲ ለሚጠልቅ ሰው የተጻፈ የዕቃና የአገልግሎት ግምገማ

ለድሬዳዋና ለሐረር ሰው የቅርቡ ባሕር ጅቡቲ ነው። ባቡሩ ነጋድ ጣቢያ ያወርዳል፤ ሙሻና መስካሊ ደሴቶች ከከተማው በጀልባ ቅርብ ናቸው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ደግሞ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ አርታ አካባቢ፣ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ይመጣል። በኳስም ሆነ በባጃጅ አደጋ ጉልበቱ የተጎዳ ጠላቂ ከመነሳቱ በፊት ፋርማሲ ጎራ ይላል ወይም ታይዋን የሚባለው የድሬዳዋ ገበያ ይገባና «ውሃ የሚችል የጉልበት ማሰሪያ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጩ የለም አይልም፤ መደርደሪያው ላይ ያለው ሁሉ ውሃ ይችላል።

እዚህ የምንመዝነው በገበያ የሚገኙትን አራት ዓይነት ማሰሪያዎች ነው። ፊንን፣ ማለት እግር ላይ የሚጠለቀውን የዋና መቅዘፊያ፣ እንዲሁም የጀልባ አገልግሎትን አብረን እናያለን፤ ምክንያቱም ማሰሪያውን ብቻ ገምግሞ ማቆም ገዢውን ማታለል ነው። ፍርዳችንን ሳንደብቅ እንናገር፦ ውሃ ውስጥ ማሰሪያ ከሚታሰበው ያነሰ ይሠራል፣ ፊን ከሚታሰበው የበለጠ ይወስናል፣ የጀልባው መሰላል ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል።

ለምን ቢባል፣ ክብደቱን አስተካክሎ ውሃ ውስጥ የተንሳፈፈ ጠላቂ ጉልበቱ ላይ የሚያርፍ ሸክም የለም ማለት ይቻላል። ጣጣው ከውሃው በፊትና በኋላ ነው። ብዙ ቦታ የሚከራየው 11.1 ሊትር የሚይዘው የአሉሚኒየም ሲሊንደር አየር ሲሞላ 17 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሲሊንደሩ የሚታዘልበት ጃኬት፣ ሬጉሌተሩ (መተንፈሻው) እና ለመስጠም የሚታሰረው እርሳስ ሲጨመሩ 25 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። ደረጃ ሲወጣ የጉልበት ሎሚ ከጭን አጥንት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ የሚያርፈው ኃይል ደግሞ የክብደት ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ይህን ሁሉ ተሸክሞ መሰላል ሲወጣ አንዷ ጉልበት በየእርምጃው ወደ 285 ኪሎ የሚጠጋ ጫና ትቀበላለች፤ ያውም ጀልባው እየተወዛወዘ። ይህን የሚሸከም ጨርቅ አልተሠራም።

ከግዢው በፊት ሐኪም አለ። የዳይቪንግ ማሠልጠኛዎችና ጀልባዎች የሚያስሞሉት የጤና ቅጽ ባለፉት 12 ወራት ቀዶ ሕክምና መደረጉን፣ ወይም ከቀድሞ ቀዶ ሕክምና የቀረ ችግር መኖሩን ይጠይቃል። «አዎ» ያለ ሰው የሐኪም ፊርማ ካልያዘ ከጀልባው ሊመለስ ይችላል፤ ስለዚህ ቅጹን አስቀድማችሁ አስልኩና እዚሁ ድሬዳዋ ወይም ሐረር የአጥንት ሐኪም ዘንድ ቀርባችሁ አስፈርሙት። ጉልበት ውስጥ የቀረ ብሎን በራሱ ከመጥለቅ አያግድም፤ ውስጡ አየር ስለሌለ ግፊት ምንም አያደርገውም። የሚያግደው ያልደረቀ ቁስል፣ ውሃ የቋጠረ ጉልበት፣ ድንገት የሚቆለፍ ወይም የሚከዳ ጉልበት ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የደም ማቅጠኛ የሚወስድም ይህን ለሐኪሙ ሳይናገር አይሂድ። ወጌሻ አሽቶ «ገብቷል» ያለው ጉልበት ለእንቅልፍ ይበጅ እንደሆነ እንጂ ለዚህ ቅጽ አይሆንም።

ወደ ዕቃው እንግባ። ካልሲ የሚመስለው በላስቲክ ክር የተሠራው ማሰሪያ ርካሹ ነው፤ የትኛውም ፋርማሲ አለው። ደረቅ መሬት ላይ ለቀላል ወለምታ ይረዳል። ውሃ ውስጥ ግን ክሩ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ይለጠጣል፣ ከዚያ በየርግጫው እየተንሸራተተ ባት ላይ ይሰበሰባል። እዚያ የተጠቀለለ ላስቲክ ደግሞ እንደ ገመድ ያንቃል። ለመጥለቅ አትግዙት፤ ወሬው በዚህ ያበቃል።

ሁለተኛው ቱቦ የሚመስለው ኒዮፕሪን ነው። ኒዮፕሪን ውስጡ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ጥቃቅን የጋዝ ክፍሎች ያሉት ላስቲክ ሲሆን፣ ዌትሱት፣ ማለት ሙቀት የሚጠብቀው ጥብቅ የጠላቂ ልብስ፣ የሚሠራውም ከዚሁ ነው። ከአራቱ ውሃ ውስጥ የሚረባው ይሄ ብቻ ነው። የሚረባው ግን ሻጩ በሚለው ምክንያት አይደለም። ጉልበትን ቀጥ አድርጎ አይይዝም፣ የተበጠሰ ጅማትን አይተካም። ሥራው ሁለት ነው፦ መገጣጠሚያውን ማሞቅና ቆዳው ላይ ባለው ጫና ጉልበቱ የት እንዳለ ለአንጎል ማስታወስ። ሁለተኛው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ጉልበቱን የሚፈራ ሰው ርግጫው ሲበላሽ የሚታየው ይህ ስሜት ሲጠፋ ነው። የሙቀቱ ጥቅም በተለይ በሁለተኛው ጥልቂያ ይታወቃል፤ አንደኛው ካለቀ በኋላ ጀልባ ላይ ነፋስ ሲመታው ቆይቶ የደረቀ ጉልበት ዳግም ውሃ ሲገባ ይታገላል።

የኒዮፕሪን ጉድለት ጥልቀት ላይ ይወጣል። 10 ሜትር ላይ ግፊቱ ከውሃው ገጽ እጥፍ ነው፤ በላስቲኩ ውስጥ ያለው ጋዝ መጠኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ 20 ሜትር ላይ ወደ ሲሶ ይወርዳል። 5 ሚሊ ሜትር ብላችሁ የገዛችሁት ማሰሪያ ታች ሲደርስ በጣም ሳስቶ ጥብቀቱ ይላላል። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ አንድ ቁጥር ዝቅ ያለ፣ የሚያጣብቅ ይገዛሉ። ይህ መጥፎ ስሌት ነው፤ ታች ላይ በልክ የሆነው ጀልባ ላይ ሲወጣ እግር ያደነዝዛል። በመሬት ልክ የሆነውን ግዙ፣ ታች ላይ ትንሽ እንደሚላላ ተቀበሉት።

ውፍረቱን በተመለከተ፣ ከዌትሱት ሥር ለሚለበስ 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል። 5 ሚሊ ሜትሩ ከ3 ሚሊ ሜትር ዌትሱት ጋር ሲደረብ ከጉልበት ጀርባ ባለው እጥፋት ላይ ይጨማደዳል፤ ከ40 ደቂቃ ርግጫ በኋላ ቆዳው ይላጣል። ለኃይል ስፖርት የሚሸጠው 7 ሚሊ ሜትሩ ጭራሽ አይታሰብ፤ ጉልበት ማጠፍ ራሱ ሥራ ይሆናል። ሎሚው ላይ ክብ ቀዳዳ ያለውንም አንመርጥም። መሬት ላይ ጥሩ ነው፤ ከዌትሱት ሥር ግን የቀዳዳው ጠርዝ ሎሚውን ይጫናል፣ ብቻውን ከተለበሰ ደግሞ ውሃ እየገባ እየወጣ ሙቀቱን ይወስደዋል። ድፍኑን ያዙ።

አንድ ማጣሪያ እዚህ ላይ። «ኒዮፕሪን» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ኒዮፕሪን አይደለም፤ ርካሹ ብዙ ጊዜ ሌላ ዓይነት ላስቲክ ነው ወይም በጨርቅ የተሸፈነ ተራ ስፖንጅ ነው። ሱቅ ውስጥ መለየት ይቻላል። ጠርዙን ተመልከቱ፦ የተቆረጠው ጎን ጥቅጥቅ ያለ፣ ቀዳዳው በዓይን የማይለይ መሆን አለበት። ጨርቁን በሁለት እጅ ለጥጣችሁ ልቀቁት፦ ወዲያው ወደ ልኩ ካልተመለሰ ይቅርባችሁ። ሻጩ ከፈቀደ የጠርዙን ጫፍ በውሃ አርሳችሁ ጭመቁት፤ ከላዩ ጨርቅ የሚወጣው ጠብታ ብቻ ከሆነ ደህና ነው፣ እንደ ዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ የሚንጠባጠብ ከሆነ ስፖንጅ ነው። የስፌቱን ቦታም ገልብጣችሁ በጣታችሁ ዳሱት፤ ከጉልበት ጀርባ የሚያልፍ ጎርባጣ ስፌት ካለ ሌላ አውጡልኝ በሉ።

ሦስተኛው ዙሪያውን ተጠቅልሎ በቬልክሮ የሚታሰረው፣ ጎንና ጎኑ ላይ ጠምዛዛ የብረት ሽቦ ያለው ነው። ጫማ ሳያወልቁ መልበስና መፍታት ስለሚቻል ለጀልባ ወለልና ለመንገድ ከሁሉም ይመቻል፤ እኛም ለዚያ እንመክረዋለን። ውሃ ውስጥ ግን ሁለት ነገር ይበላሻል። ቬልክሮው አሸዋና የጨርቅ ፍርፋሪ ሲይዝ መያዙን ይተዋል፤ መጀመሪያ የሚለቀውም የላይኛው፣ ጭን ላይ ያለው ነው። ሽቦው ደግሞ ጨው ገብቶበት ይዝጋል፤ ጫፉ ኪሱን በስቶ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ዌትሱታችሁን፣ ቀጥሎ ቆዳችሁን ነው።

አራተኛው በሁለቱም ጎን የብረት ማጠፊያ ያለው ነው። ዋጋውም ግርማውም ከሁሉ ይበልጣል፤ ጉልበቱ የሚከዳ ሰው መሬት ላይ በዚህ ቢሄድ አይፈረድበትም። ለመጥለቅ ብሎ መግዛት ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ክንዱ አሉሚኒየም፣ ብሎኑ ብረት ከሆነ ሁለቱ በጨው ውሃ ውስጥ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ በማጠፊያው ዙሪያ ነጭ ዱቄት ያያችሁ ቀን ማጠፊያው መንቀርቀር ጀምሯል። ከዌትሱት ሥር አይገባም፤ ከላዩ ሲታሰር ላስቲኩ ላይ ይንሸራተትና ማጠፊያው ከጉልበቱ መታጠፊያ ዝቅ ይላል። ዝቅ ያለ ማጠፊያ እግሩን ከራሱ መታጠፊያ ውጭ ለማጠፍ ይገፋዋል፤ ለመጠበቅ የታሰረው ዕቃ ጎጂ የሚሆነው በዚህ ነው። ያለሱ መቆም የማይችል ጉልበት ካላችሁ ጥያቄው የትኛው ማሰሪያ የሚለው መሆኑ ይቀርና ዘንድሮ መጥለቅ ይገባል ወይ የሚለው ይሆናል።

ልኩን በዓይን አትገምቱ። አምራቹ ከሎሚው መሃል ስንት ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ እንደሚለካ ካርቶኑ ላይ ይጽፋል፤ ብዙ ጊዜ 10 ወይም 15 ነው። ቆማችሁ፣ ጉልበቱን ትንሽ ለቀቅ አድርጋችሁ፣ በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩ። ያበጠ ጉልበት ማታ ከጠዋት ይልቅ ስለሚሰፋ ከሰዓት በኋላ መለካት ይሻላል። ለብሳችሁ 20 ጊዜ ቁጭ ብድግ በሉ፣ ከዚያ የእግራችሁን አውራ ጣት ጥፍር ተጭናችሁ ልቀቁት፤ የነጣው በሁለት ሰከንድ ውስጥ ካልቀላ ጠብቋል። ከጉልበቱ በታች በውጭ በኩል በእጅ የምትዳሰስ እብጥ ያለች አጥንት አለች፤ በአጠገቧ የሚያልፈው ነርቭ ከቆዳው ሥር ቅርብ ስለሆነ ማሰሪያ ሲጫነው የእግር ጀርባ ይደነዝዛል፣ ሲብስም የእግር ጣቶች ወደ ላይ አልነሳ ይላሉ። የማሰሪያው የታች ጠርዝ እሷ ላይ እንዳያርፍ አድርጉ። መዋኛ ያለው ሆቴል ገብታችሁ ግማሽ ሰዓት በፊን ብትዋኙበት መንሸራተቱንና መላጡን ታዩታላችሁ። በጥልቀት መላላቱን ግን የድሬዳዋ መዋኛ አያሳይም።

አለባበሱ ራሱ ጉልበት ያጣምማል፤ በአንድ እግር ቆሞ ጠባብ ዌትሱት መጎተት ለጉልበት ከመጥለቁ ይከፋል። ተቀመጡ። መጀመሪያ ማሰሪያውን በደረቅ ቆዳ ላይ ልበሱ፣ እግራችሁን ፌስታል ውስጥ አስገቡ፣ ከዚያ የዌትሱቱን እግር ጎትቱት፤ በፌስታሉ ላይ ሸርተት ብሎ ያልፋል። ፌስታሉን መልሳችሁ ኪስ ውስጥ ክተቱት፣ ባሕር ላይ እንዳይበር። ማሰሪያው ሳይጨማደድ መቀመጡን በጣት ዳሱ፤ አንዴ ከታች ከተጠቀለለ ውሃ ውስጥ አይስተካከልም።

አሁን ወደ ፊን። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ማሰሪያውን ትታችሁ ፊን ግዙ። ረጅምና ደረቅ ምላስ ያለው ፊን እንደ ረጅም ዱላ ነው፤ ውሃው ጫፉን ሲይዘው ኃይሉ በቁርጭምጭሚት አልፎ ጉልበት ላይ ያርፋል። ለነጻ ጠለቃ የሚሠራው ረጅሙ ፊን ለተጎዳ ጉልበት አይሆንም። የሚሻለው አጭርና ለስላሳ ምላስ ያለው፣ ወይም ምላሱ መሃል ለመሃል የተሰነጠቀው ነው። በስንጥቁ ውሃ ስለሚያልፍ በየርግጫው የሚያስፈልገው ጉልበት ይቀንሳል። ዋጋውን ግን በሌላ በኩል ያስከፍላል፦ ኃይለኛ ሞገድ ሲመጣ የተሰነጠቀ ፊን ቶሎ አያስወጣም፣ ወደ ኋላ መሄድም ያስቸግራል። ስለዚህ በባብ ኤል ማንዴብ በኩል ያሉት የሰባቱ ወንድማማቾች ደሴቶች፣ ሞገዳቸው የታወቀ ስለሆነ፣ ለእንዲህ ዓይነት ጉልበትና ፊን የሚመከሩ አይደሉም። ሙሻና መስካሊ ይበቃሉ።

ለስላሳነቱን ለመፈተን ፊኑን በተረከዙ በኩል ይዛችሁ ጫፉን መሬት ላይ ጫን በሉት። ከመሃሉ ጀምሮ በዝግታ ከጎበጠ ጥሩ ነው፤ ጫፉ ብቻ ከታጠፈ ወይም ጭራሽ እምቢ ካለ ይለፋችሁ። የፊኑ ማሰሪያ በዘለበት የሚጠብቀው ሳይሆን ከተረከዝ ኋላ በሽቦ ስፕሪንግ የሚያዘው ይሻላል። ጎንበስ ብሎ፣ ጉልበት አጥፎ፣ በእርጥብ እጅ ዘለበት መታገል ይቀራል፤ አንድ ጣት ብቻ ይበቃል። ያለ ቡት በባዶ እግር የሚለበሰው ፊን ቀላል ነው፤ ሆኖም ጠጠር ባለበት ዳርቻ በባዶ እግር መሄድ ለጎደለ ጉልበት ተጨማሪ መሰናከያ ነው። ወፍራም ሶል ያለው ቡት ከነስፕሪንጉ ፊን ጋር ይዛችሁ ሂዱ። ኪራዩ ላይ አትመኩ፤ የሚከራየው የተረፈው ቁጥር ነው።

ርግጫው ከዕቃው እኩል ነው። እንደ እንቁራሪት የሚደረገውን ርግጫ አሠልጣኞች ይወዱታል፣ አሸዋ አይቀሰቅስም። ነገር ግን ጉልበትን ወደ ውስጥ እያስገደደ የውስጥ ጎኑን ጅማት ይስባል፤ በደረት ዋና በሚዋኙ ዋናተኞች ላይ የታወቀው የጉልበት ሕመም የሚመጣው ከዚሁ እንቅስቃሴ ነው። የውስጥ ጅማቱ ወይም ሜኒስከሱ (በጉልበት አጥንቶች መካከል ያለው ልም አጥንት) የተጎዳ ሰው ይተወው። ተራው የላይና ታች ርግጫ ይሻለዋል፤ ከዳሌ ተነስቶ፣ ጉልበት ትንሽ ብቻ ለቀቅ ብሎ፣ በጠባቡ። ሳይክል እንደሚነዳ ጉልበት እያጠፉ መርገጥ ሎሚውን ከጭን አጥንት ጋር ያፋትገዋል፤ ወደፊትም አያስኬድም። ገና የሚሠለጥን ሰው በብዙ ማሠልጠኛዎች ያለ ፊን 200 ሜትር መዋኘት ወይም በማስክ፣ በስኖርክል (የመተንፈሻ ቱቦ) እና በፊን 300 ሜትር መሄድ ምርጫው ነው፤ ሁለተኛውን ይምረጥ። ዌል ሻርክን በተመለከተ፣ እንስሳው ቀስ ያለ ይመስላል እንጂ አብሮት ለመሄድ የሚደረገው ሩጫ ጉልበት ይጨርሳል። ጀልባው ከፊቱ እንዲጥላችሁ አድርጉ፣ ሲያልፍ እዩት፣ አታሳዱት።

እግር የሚሰምጥ ጠላቂ አግድም ለመሆን ያለማቋረጥ ይረግጣል። ከወገብ ላይ ከ1 እስከ 2 ኪሎ እርሳስ አንስቶ የሲሊንደሩ ማሰሪያ ላይ፣ ከፍ አድርጎ ማድረግ እግሩን ያነሳዋል። ይህ በነጻ የሚገኝ ነገር ከየትኛውም ማሰሪያ የበለጠ ርግጫ ያድናል።

ስለ ጀልባ አገልግሎት። ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት የመሰላሉን ፎቶ ጠይቁ። ጥያቄው ለነሱ እንግዳ ቢሆንም አትፈሩ። የሚፈለገው መሰላሉ ውሃ ውስጥ ስንት እርከን እንዳለው ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት እርከን ከውሃው በታች ከሌለው የመጀመሪያው እርምጃ ጉልበትን እስከ ደረት ያሳጥፋል። መሃል ላይ አንድ ምሰሶ ያለውና እርከኖቹ ግራና ቀኝ የሚወጡት መሰላል ፊን ሳያወልቁ ያስወጣል፤ ይህ ጥሩ ነው። በገመድ የተንጠለጠለ መሰላል ወደ ጀልባው ሆድ ሥር ስለሚገባ ለእንዲህ ዓይነት ሰው አይሆንም። መሰላል የሌላት ዝቅተኛ የላስቲክ ጀልባም በርግጫ ኃይል በሆድ ተስቦ መውጣትን ትጠይቃለች፤ ሰው ስቦ የሚያወጣ ከሌለ አትግቡባት።

አገባቡ ቀላል ነው። ከከፍታ ረጅም እርምጃ ወስዶ መዝለል ፊኑ ውሃውን ሲመታ ጉልበቱን ይነቀንቀዋል፤ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ በጀርባ መገልበጥ ይሻላል። ሲሊንደሩን ተሸክማችሁ ጀልባው ላይ አትሂዱ፤ ሠራተኛው ጠርዙ ድረስ ያምጣው፣ ተቀምጣችሁ ልበሱት። ስትወጡ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፦ እርሳሱን አቀብሉ፣ ጃኬቱን ውሃ ውስጥ አውልቃችሁ አሳልፉ፣ ፊኑን መሰላሉን በእጃችሁ ከጨበጣችሁ በኋላ ብቻ አውልቁ። ፊን ቀድሞ ያወለቀ ሰው ሞገድ ከወሰደው መመለሻ የለውም። ጃኬቱን የማይቀበል ጀልባ ካጋጠማችሁ ያ ጀልባ ለናንተ አይደለም። ሠራተኞቹ ብዙ ጊዜ ሶማሊኛ ወይም አፋርኛ ተናጋሪዎች ስለሆኑ ሶማሊኛ የሚችል የድሬ ልጅ በአስተርጓሚ ከሚናገረው ፈረንጅ የተሻለ መስተንግዶ ያገኛል፤ «ጉልበቴ ታማሚ ነው፣ ሲሊንደሩን ተቀበለኝ» ማለት አያሳፍርም።

የሚያሰጋው ነገር ከውሃ ከተወጣ በኋላ ይጀምራል። የናይትሮጅን አረፋ በሽታ፣ ማለት ጠላቂው ሲወጣ ግፊቱ ቀንሶ በሰውነቱ የተጠራቀመው ናይትሮጅን አረፋ ሲሆን የሚመጣው ሕመም፣ ከሚታይባቸው መንገዶች አንዱ የመገጣጠሚያ ሕመም ነው፤ ጉልበትንም ይይዛል። ጉልበቱ ድሮም የሚያመው ሰው «ያው የለመድኩት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ለዚህ ነው ከመጥለቅ በፊት ማስታወሻ ላይ መጻፍ የሚያስፈልገው፦ የት ያማል፣ ከ10 ስንት ነው፣ እስከ የት ይታጠፋል፣ ዙሪያው ስንት ሴንቲ ሜትር ነው። የድሮው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ሲንቀሳቀስና ሲጫኑት ይብሳል። ከጥልቂያ በኋላ የመጣ፣ ጥልቅ ጥዝጣዜ ያለው፣ ቢያንቀሳቅሱትም ቢያሳርፉትም የማይለወጥ ሕመም ግን ሌላ ነገር ነው፤ መደንዘዝ፣ የቆዳ ሽፍታ ወይም ያልተለመደ ድካም ከታከለበት ጭራሽ አይጠበቅም፣ ንጹህ ኦክስጅን ሰጥቶ ወደ ሕክምና መውሰድ ነው። ጀልባው ላይ ኦክስጅን መኖሩን ስትመዘገቡ ጠይቁ። ጠዋት ዲክሎፌናክ ውጦ መጥለቅም በዚሁ ምክንያት አይመከርም፤ ምልክቱን ይሸፍናል። ጫትም እንዲሁ፤ የልብ ምትና የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍም ይነሳል፣ ከመጥለቅ በፊት ባለው ሌሊት ቦታ የለውም።

ወደ ቤት መመለሱን ጠላቂዎች ይረሱታል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ሽቅብ ሲወጣ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ያው የናይትሮጅን አረፋ መንገድ ላይ ሊነሳ ይችላል። ዳን የተባለው ዓለም አቀፍ የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት ለበረራ ያወጣው መመሪያ ከአንድ ጥልቂያ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋገመ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየትን ይጠይቃል፤ መመሪያው ከ600 ሜትር እስከ 2,400 ሜትር ላለ የካቢን ከፍታ የወጣ ነው። በባቡርም በመኪናም የሚወጣው ከፍታ እዚያው ውስጥ ይወድቃል። ሁለት ጊዜ ጠልቆ ከቀኑ 5 ሰዓት ከውሃ የወጣ ሰው በማግስቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በፊት ሽቅብ ጉዞ መጀመር የለበትም። ሐረር ለሚገባው ደግሞ መንገዱ በደንገጎ ወጥቶ 2,000 ሜትር ገደማ ያለችውን ሐረማያን አልፎ ነው፤ ለእሱ ሙሉ 24 ሰዓት እንመክራለን። አንድ ሌሊት ጅቡቲ ማደር ከዕቃው ሁሉ የተሻለ ግዢ ነው። በአውሮፕላን አዲስ አበባ የሚገባም መድረሻው ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኑን ያስብ።

ዕቃውን በተመለከተ፣ ጨዉን እዚያው ጅቡቲ በንጹህ ውሃ እጠቡት። የድሬ የቧንቧ ውሃ ጀበናና ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚተው ነው፤ በዚያ ታጥቦ ሳይወለወል የደረቀ ስፕሪንግና ዚፕ በቅርፊት ይያዛል፤ ስለዚህ በጨርቅ አድርቁት። ኒዮፕሪን ፀሐይ ላይ አይሰጣም፣ በቆመ መኪና ውስጥም አይተውም፤ በድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር የቀትር ሙቀት ላስቲኩ ቶሎ ይደርቅና ይሰነጠቃል። በጥላ፣ ገልብጣችሁ፣ ከዚያ መልሳችሁ አድርቁት። ቬልክሮውን ዘግታችሁ አስቀምጡ፣ በጥርስ ብሩሽም ፍርፋሪውን አውጡ።

ስፌቱ የተፈታ ኒዮፕሪን አይጣልም። ሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ያሉት ልብስ ሰፊዎች ይሰፉታል፤ ብቻ የጥጥ ክር በጨው ውሃ ስለሚበሰብስ የፖሊስተር ክር ይሁን፣ ስፌቱም ቀጥ ያለ ሳይሆን ዚግዛግ ይሁን፤ ቀጥ ያለው ላስቲኩ ሲለጠጥ ይበጠሳል።